ከተማው ዋስ ያልሆነላት መኪና

ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ቦሌ አካባቢ ካሉት የመኪና መሸጫዎች በአንዱ፣ ዕድሜያቸው ወደ ስልሳ የሚጠጋ ሰው መካኒካቸውን አስከትለው ገቡ። መካኒኩ ቱታውን አውልቆ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፤ ጣቶቹ ላይ የከረመው የዘይት ጥቁረት ግን ሥራውን ይናገራል። ደንበኛው እስከ ዛሬ የገዟቸውን መኪናዎች ሁሉ ያየላቸው እሱ ነው። ወጣቱ ሻጭ ወደ አንዲት ነጭ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ወሰዳቸውና "ጋሼ፣ በስልክ የነገርኩዎት ይቺን ነው" አላቸው።

መካኒኩ ጊዜ አላጠፋም። እንደ ልማዱ ኮፈኑ እንዲከፈትለት ጠየቀ፤ ተከፈተለት። ጎንበስ ብሎ ለአፍታ ቆየ። የዘይት መለኪያ የለም፣ ካንዴላ የለም፣ ጆሮውን ጥሎ የሚያዳምጠው ሞተር የለም። ያለው የመስታወት ማጠቢያ ውሃ መያዣ፣ አንዲት ትንሽ ባለ 12 ቮልት ባትሪ፣ የታሸገ ሳጥንና ብርቱካናማ ወፋፍራም ገመዶች ናቸው። እጁን ወደ ገመዶቹ ሲሰድ ሻጩ ደንገጥ ብሎ "እሱን እንኳ ባይነኩት" አለው። እጁን መለሰ። ደንበኛው ፊት ፊቱን እያዩ "እህስ?" አሉት። "እንግዲህ በዚህ ላይ እኔ ምን እላለሁ ጋሼ" አለ መካኒኩ።

ሻጩ ዝምታውን ለመሙላት የሚያውቀውን ሁሉ ተናገረ፤ የጣሪያውን መስታወት፣ የስክሪኑን ስፋት፣ የወንበሩን ማሞቂያ። ደንበኛው የፈለጉት ሌላ ነበር። "እስቲ እንመካከርበት፤ እንደውላለን" ብለው ወጡ።

የአዲስ አበባ የመኪና ገበያ ለረጅም ጊዜ የቆመው ባልተጻፈ ዋስትና ላይ ነው። ቪትዝ ወይም ኮሮላ የሚገዛ ሰው ከሻጩ ብዙ አይጠብቅም ነበር። ዋጋዋን ታክሲ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠው መንገደኛ ሳይቀር ያውቀዋል። ካምቢዮዋ ሲጮህ፣ ፍሪሲዮኗ ሲያልቅ፣ ማርሚታዋ ሰማያዊ ጭስ ሲተፋ ምን ማለት እንደሆነ የሰፈር ጋራዥ ሁሉ ይነግረዋል። መለዋወጫው ሶማሌ ተራ አለ፤ አዲሱ ቢወደድ ያገለገለው አይጠፋም። ከዓመታት በኋላ ልሽጣት ሲል ደግሞ ከገዛበት በላይ የምታወጣበት ጊዜ ብዙ ነው። ሻጩ መኪናዋን ያቀርባል እንጂ ዋስ የሚሆናት ከተማው ነበር።

ለኤሌክትሪክ መኪና ከተማው ገና ዋስ ሊሆናት አልቻለም። እውቀቱ ከጋራዡ፣ ከደላላውና ከጎረቤቱ እጅ ወጥቷል፤ የሚያርፍበትን ቦታ ግን እስካሁን አላገኘም። የመኪና መሸጫዎች በአሻሻጣቸው፣ በማስታወቂያቸውና በቴክኖሎጂያቸው ሊያደርጉት የሚገባው ለውጥ ሁሉ ከዚህ ይነሣል ብዬ አምናለሁ። ያን ባዶ የዋስ ወንበር ሻጩ ራሱ ካልተቀመጠበት፣ አዳራሹን እምነ በረድ ቢያነጥፈውም ደንበኛው እንደዚያ ቅዳሜ "እንደውላለን" ብሎ መውጣቱ አይቀርም።

ነገሩ የመጣው በጥድፊያ ነው። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገሉ መኪናዎች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በዚያው ዓመት ክረምት የአትሌት ኃይሌ ገብረሥላሴ ማራቶን ሞተር እዚሁ የገጣጠማት ኤሌክትሪክ ሀዩንዳይ አዮኒክ ለሕዝብ ታየች፤ ያኔ ብዙ ሰው እንደ ብርቅ ነበር የተመለከታት። በ2014 የገንዘብ ሚኒስቴር ኤሌክትሪክ መኪናዎችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነፃ አደረጋቸው። የጉምሩክ ቀረጡም ሙሉ በሙሉ ተገጣጥመው ለሚገቡት 15 በመቶ፣ በከፊል ለተገጣጠሙት 5 በመቶ፣ ተበታትነው መጥተው እዚህ ለሚገጣጠሙት ዜሮ ሆነ።

በጥር 2016 የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዶክተር ዓለሙ ስሜ ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ ለምክር ቤት አባላት ተናገሩ። ምክንያቱ የውጭ ምንዛሪ ነው፤ አገሪቱ በዓመት ለነዳጅ ወደ 6 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ታወጣ ነበር። ከስድስት ወር በኋላ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016፣ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀና 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በ2017 አጋማሽ ላይ ቤንዚንም በተራው ሊትሩ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ደግሞ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ተመረቀ።

ገዢውን ወደ ኤሌክትሪክ የሚገፋው ሁሉ ተሟልቷል ማለት ነው። እናም ሻጩ ገዢ ፍለጋ ብዙ አልደከመም፤ የቸገረው በሩን ከፍቶ የገባውን ሰው ጥያቄ መመለስ ነው።

ጥያቄው ከባትሪው ይጀምራል። "ስንት ዓመት ታገለግላለች? ስትሞትስ ስንት ብር ነው?" ሻጩ "ስምንት ዓመት ዋስትና አላት" ብሎ ሊያልፈው ይሞክራል። እርግጥ ነው፣ ብዙ አምራቾች ለባትሪ ስምንት ዓመት ወይም 160 ሺህ ኪሎ ሜትር ዋስትና ይሰጣሉ። ያ ዋስትና ግን ብዙውን ጊዜ መኪናዋ በወኪል በኩል ለተሸጠችበት አገር ነው። አንድ አስመጪ ከቻይና ገበያ ላይ ገዝቶ በጅቡቲ በኩል ያስገባት መኪና አዲስ አበባ ስትደርስ ወረቀቱ ላይ ያለውን ቃል የሚፈጽምላት አካል ላይኖር ይችላል። በዚያ ላይ ቻይና ውስጥ ታርጋ ወጥቶላቸው ሳይነዱ "ያገለገሉ" ተብለው ወደ ውጭ የሚላኩ መኪናዎች አሉ። ዜሮ ኪሎ ሜትር ናቸው፤ ነገር ግን ባትሪያቸው ለወራት ቆሞ ከርሟል፣ ዋስትናውም መቆጠር የጀመረው ታርጋው ከወጣበት ቀን ነው።

ሻጩ ስለ ባትሪው ዓይነትም ማወቅ አለበት። ሁለት ዋና ዋና ዓይነቶች ገበያው ላይ አሉ። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው፣ የቻይናው ቢዋይዲ በብዛት የሚጠቀምበት፣ ብዙ ጊዜ ተሞልቶ ቢራገፍም የሚችል፣ በየጊዜው እስከ 100 በመቶ መሞላትም ብዙ የማይጎዳው ነው። ኒኬል፣ ማንጋኒዝና ኮባልት ያለበት ሌላው ዓይነት ደግሞ በዚያው ክብደት የበለጠ ጉልበት ይይዛል፤ ዕድሜው እንዲረዝም ግን ለዘወትር መንገድ 80 በመቶ ላይ ማቆም ይመከራል። ይህን ሳይነገረው የወጣ ደንበኛ ሁለተኛውን ዓይነት ይዞ በየማታው እስከ ጫፍ እየሞላ ራሱ ባትሪውን ያስረጀዋል።

መካኒኩ ያጣው መሣሪያ አለ፤ ዋጋውም የማይቀመስ አይደለም። ከመሪው በታች ባለችው ትንሽ ሶኬት ላይ ማንበቢያው ይሰካል፣ በታብሌት ይከፈታል። መጀመሪያ የሚታየው የባትሪው ጤንነት በመቶኛ ነው። ቀጥሎ የእያንዳንዱ ሴል ቮልቴጅ በተርታ ይዘረዘራል። ልምድ ያለው ቴክኒሻን ዓይኑን የሚጥለው እዚህ ላይ ነው፤ መቶኛው ጥሩ ሆኖ አንዱ ሴል ከሌሎቹ ጎልቶ ዝቅ ካለ፣ ነገ ችግር የሚመጣው ከዚያች ሴል ነው። ምርመራው ደቂቃዎች ቢፈጅ ነው። ውጤቱን አትሞ፣ ከሻንሲ ቁጥሩ ጋር ማኅተም አሳርፎበት፣ ከሊብሬው ጋር ለደንበኛው መስጠት አንድ የመኪና መሸጫ ዛሬውኑ ሊጀምረው የሚችል ሥራ ነው። ያ ወረቀት ቢኖር ኖሮ የቅዳሜው መካኒክ የሚያነበው ነገር ያገኝ ነበር። አንዴ ማንበብ ከጀመረ ደግሞ ለሚቀጥለው ደንበኛ የሚያስረዳው እሱ ይሆናል። መካኒኩን ከሽያጩ ማራቅ ትልቅ ስሕተት ነው። መሸጫዎች የሰፈር መካኒኮችን እየጠሩ ለግማሽ ቀን ቢያሠለጥኗቸው ከማንኛውም የቢልቦርድ ማስታወቂያ የበለጠ ይከፍላቸዋል።

ሁለተኛው ጉዳይ ቻርጅ ነው፤ እዚህ ላይ የጥያቄው አቅጣጫ መገልበጥ አለበት። ሻጩ "ምን ዓይነት መኪና ይፈልጋሉ?" ከማለቱ በፊት "መኪናዎ የት ነው የምታድረው?" ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። የግል ግቢ ያለው ሰውና ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ኤሌክትሪክ መኪናን እኩል አይጠቀሙባትም። ኮንዶሚኒየም ውስጥ መኪናዋ መሬት ላይ ትቆማለች፣ ቆጣሪው ፎቅ ላይ ነው። ከበረንዳ ቁልቁል የወረደ ማራዘሚያ ገመድ ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ለሕፃናቱ ያስፈራል። ተከራይ ከሆነ ከአከራዩ ጋር የቆጣሪ ሒሳብ ንትርክ አለ፤ የመብራት ታሪፉ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ ከፍ እንዲል ስለተወሰነ ንትርኩ የሚበርድ አይደለም።

የግል ግቢ ያለውም ቢሆን ሥራ አለበት። 16 አምፔር በሆነ ሶኬት 220 ቮልት ሲገባ ወደ 3.5 ኪሎዋት ይሰጣል። የ38.88 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ያላትን ቢዋይዲ ሲጋል ከባዶ ለመሙላት 11 ሰዓት ገደማ ይፈጃል ማለት ነው፤ ማታ 2 ሰዓት ላይ የተሰካች ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ትሞላለች። ለከተማ ኑሮ ይህ ከበቂ በላይ ነው። ነገር ግን ብዙ ቤቶች ውስጥ የግራውንድ ሽቦ የለም፣ ወይም ተስቦ የትም አልተቀበረም። ቻርጀሩ ይህን ሲያውቅ ቀይ መብራት አሳይቶ አልሠራም ይላል። ደንበኛው "የተበላሸ ቻርጀር ሸጡልኝ" ብሎ እየተቆጣ ይደውላል። መኪናዋ ከመሸጫው ከመውጣቷ በፊት አንድ ኤሌክትሪሻን ደንበኛው ቤት ሄዶ ቆጣሪውን፣ የመስመሩን ውፍረትና ግራውንዱን አይቶ ቢመጣ ይህ ስልክ አይደወልም። ይህን ጉብኝት ከዋጋው ውስጥ አስገብቶ የሚሸጥ ድርጅት፣ ጎረቤቱ በ50 ሺህ ብር ቢያወርድም ደንበኛውን አያጣም።

ከቤት ውጭ ያለው እየተሻሻለ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ቦሌ መንገድ ላይ ፈጣን የቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያ ከፍቶ ክፍያውን በቴሌብር አድርጎታል። እዚህም ሻጩ የሚያስረዳው ነገር አለ፦ ከቻይና ገበያ የመጡት መኪናዎች ጂቢ/ቲ የሚባለውን ሶኬት ይዘው ይመጣሉ፤ ለአውሮፓና ለሌሎች አገሮች የተሠሩት ሲሲኤስ 2 አላቸው። ደንበኛው የትኛው እንዳለው ሳያውቅ ከወጣ የሚያውቀው ባትሪው 8 በመቶ ሲቀረው ወረፋ ላይ ቆሞ ነው።

ስለ ርቀት የሚነገረው ደግሞ ብዙ ቅያሜ የሚያመጣ ነገር ነው። ሲጋል በቻይናው መለኪያ 405 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ተብሎ ተጽፎላታል። ያ መለኪያ ዝግ ባለ የከተማ ንዳት ላይ ያዘነበለ ስለሆነ በፈጣን መንገድ የሚገኘውን ርቀት አይነግርም። ሻጩ ቁጥሩን እንዳለ ሲያነብለት ደሴ ያለ ነጋዴ በልቡ "ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ነው፣ ደረስኩ" ይላል። ጣርማ በርን መውጣት እንዳለ፣ ጭነት እንዳለ፣ የክረምት ብርድ እንዳለ የነገረው የለም። ለእንዲህ ያለው ሰው "ይቺ ለእርስዎ መንገድ አትሆንም" ማለት ሽያጭ ማጣት ይመስላል። እኔ ግን ዛሬ ላይ አንድ መሸጫ ሊያወጣ የሚችለው ከሁሉ የላቀ ማስታወቂያ ይህ እንደሆነ ይሰማኛል፤ ደሴ ሲመለስ "እምቢ አሉኝ" ብሎ ለአሥር ሰው ይናገራልና።

እውነተኛውን ርቀት ማግኘት ከባድ አይደለም። መሸጫው የሚሸጣትን እያንዳንዷን ሞዴል አራት ሰው ጭኖ በፈጣን መንገዱ አዳማ ድረስ ይንዳትና ይመለስ። ይህ መንገድ ጥሩ አስተማሪ ነው። ስትወርድ ከባትሪዋ የሚጎድለው ያነሰ ነው፤ ፍሬን ሲያዝ ሞተሯ እንደ ጀነሬተር ሆኖ ኃይሉን መልሶ ያስገባዋል። ስትመለስ ግን ከ600 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ትወጣለች። ሁለት ቶን የሚመዝንን መኪና ያን ያህል ወደ ላይ ለማንሣት ብቻ፣ የነፋሱንና የጎማውን ግጭት ሳንቆጥር፣ ከ3 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይሄዳል። ደንበኛው ሄዳ 20 በመቶ የበላች መኪና ስትመለስ ከዚያ በላይ መብላቷን አስቀድሞ ካወቀ አይደነግጥም። ካላወቀ "ባትሪው ሞቷል" ብሎ ሰፈሩን ያስወራል።

ከፍታው ግን የሚጎዳ ብቻ አይደለም፤ ጥቅሙን ሻጮች ሲናገሩት አልሰማሁም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር አምራቹ ከጻፈለት ጉልበት አንድ አምስተኛ ያህሉን እዚህ ያጣል፤ ቪትዝ ወደ እንጦጦ ስትወጣ የምታቃስተው ለዚህ ነው። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር አያስፈልገውም። በባሕር ጠረፍ ላይ የሚሰጠውን ጉልበት እንጦጦ ጫፍ ላይም ይሰጣል። የሙከራ ንዳቱን ከመሸጫው በር ላይ ሰፈሩን አዙሮ ከመመለስ ይልቅ ሽሮ ሜዳን አልፎ ዳገቱን ማስወጣትና ቁልቁለቱን ሲወርዱ ባትሪው መልሶ ሲሞላ በስክሪኑ ማሳየት የተሻለ ነው። ለዚህ ከተማ ሰው ይህ ከወንበር ማሞቂያ የበለጠ ትርጉም አለው።

ስክሪኑ ራሱ ግን ቻይንኛ ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ የሚታዩት የቮልስዋገን አይዲ መኪናዎች ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው። ማስጠንቀቂያ ሲያበሩ በቻይንኛ ነው፤ የስልክ መተግበሪያቸው የቻይና ስልክ ቁጥር ይጠይቃል፤ ካርታቸው አዲስ አበባን አያውቅም። ቋንቋውን የሚቀይሩ ልጆች ተፈጥረዋል፤ ጎበዞች ናቸው። ችግሩ ሶፍትዌሩ ሲታደስ ሥራቸው ሊጠፋ መቻሉ ነው። ሌላው ችግር ከዚህ ይከብዳል፦ የማያነበው ቀይ ምልክት የበራበት ሹፌር ምን ያድርግ? በጣም ቀላል የሆነ መልስ የሰጠ መሸጫ አይቻለሁ፤ የማስጠንቀቂያ ምልክቶቹን ፎቶ አንሥቶ፣ ከየሥዕሉ ጎን "ቁም"፣ "ቀስ ብለህ ወደ ጋራዥ ውሰዳት"፣ "ችግር የለም" ብሎ በአማርኛ ጽፎ፣ በላስቲክ ለብጦ ከፀሐይ መከላከያው ኪስ ውስጥ ያስቀምጣል። ቴክኖሎጂ ሲባል ሁሉም ሰው ስለ መተግበሪያ ያስባል፤ ለደንበኛው ግን ይቺ የተለበጠች ወረቀት ቀድማ ትደርስለታለች።

ወደ ማስታወቂያ እንምጣ። ገበያው ዛሬ ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ ነው። አብዛኛው ልጥፍ አንድ መልክ አለው፦ "ፉል ኦፕሽን፣ ዜሮ ኪሎ ሜትር፣ ለመንዳት ዝግጁ፣ ዋጋ በውስጥ መስመር።" ዋጋ መደበቁ በዶላር መዋዠቅ ጊዜ የተለመደ ነው፤ ምክንያቱም ይገባኛል። ቢሆንም የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ እንዲያሳውቅ ያዛል፣ አሳሳች ማስታወቂያንም ይከለክላል። ገዢው ዋጋ የማይናገረውን ሻጭ በጥርጣሬ ያየዋል። ልጥፉ እንዲህ ቢሆንስ? "የባትሪ አቅም 38.88 ኪሎዋት ሰዓት፣ ዓይነት ሊቲየም አይረን ፎስፌት። ሰኞ ዕለት የተለካ የባትሪ ጤንነት፣ ውጤቱ ከፎቶው ጋር ተያይዟል። ሶኬት ጂቢ/ቲ። ቋንቋ እንግሊዝኛ። አራት ሰው ጭነን አዳማ ደርሰን ስንመለስ የቀረው ባትሪ በቪዲዮው ላይ ይታያል። ይህ ዋጋ እስከ ዓርብ ይጸናል።" ከፎቶዎቹ መካከል ደግሞ አንዱ የመኪናዋ ሆድ ይሁን። ባትሪው ከወለሉ በታች ነው፣ መንገዳችን ድንጋይ አያጣም፤ ገዢው "ከመሬት ስንት ከፍ ትላለች?" ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ይህ ዓይነት ልጥፍ ሩቅ ላለው ገዢም ይጠቅማል። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ሆኖ ለእናቱ ወይም ለወንድሙ አዲስ አበባ ላይ መኪና የሚገዛ ሰው በቪዲዮ ስልክ ነው የሚያያት። እስካሁን የሚያምነው አንድ ዘመዱን ልኮ ነበር። ዘመዱም እንደዚያ መካኒክ ከኮፈኑ ሥር የሚያየው የለውም።

ደላላውን ምን እናድርገው? ብዙ ዘመናዊ ነን የሚሉ መሸጫዎች ሊያስወግዱት ይፈልጋሉ። አልስማማም። ደላላው ገዢውን በስም ያውቀዋል፣ ለቅሶው ላይ ይደርሳል፣ ማን መቼ መኪናውን ሊቀይር እንደሚፈልግ ከማንም ቀድሞ ይሰማል። በመቶ ሁለቱን ሲቀበል የኖረው በከንቱ አይደለም። የሚያስፈልገው ውል ነው፦ ስሙ የተመዘገበ፣ ኮሚሽኑ በጽሑፍ የተወሰነ፣ የመሸጫው ምርመራ ወረቀት በእጁ ያለ፣ የማያውቀውን "አላውቅም፣ ልጠይቅልህ" እንዲል የሠለጠነ ወኪል።

ከሁሉ የከፋው ቁስል ቅድመ ክፍያ ነው። ባለፉት ዓመታት ብዙ ሰው የዋጋውን ግማሽ ከፍሎ ለወራት፣ አንዳንዱም ለዓመታት ጠብቋል። የውጭ ምንዛሪ ታጣ፣ ዋጋው ተከለሰ፣ ውሉ ላይ ያለው ቀን አለፈ፣ ሰዎች ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ተንከራተቱ። ከእነሱ መካከል የጡረታ ገንዘባቸውን የሰጡ አሉ፤ ዓረብ አገር ሠርተው ያጠራቀሙትን የሰጡ እኅቶች አሉ። ይህን የሰማ ሰው ዛሬ ዕቃውን በዓይኑ ሳያይ ብር አያወጣም፤ ትክክልም ነው። ቅድመ ክፍያ የግድ ከሆነ ገንዘቡ መኪናዋ ጅቡቲ መድረሷ በሰነድ እስኪረጋገጥ በዝግ ሒሳብ ይቀመጥ፤ ውሉ የማስረከቢያ ቀን፣ ምንዛሪው ቢለወጥ ልዩነቱን ማን እንደሚሸከምና ቀኑ ቢያልፍ ገንዘቡ በስንት ቀን እንደሚመለስ ይጻፍበት። በዚህ የማይስማማ ድርጅት የደንበኛን ገንዘብ ለሥራ ማስኬጃ ሊያደርገው አስቧል ማለት ነው።

በመሸጫዎቹ ጓዳ ውስጥ ደግሞ ሌላ ክፍተት አለ። ደንበኛው ማን እንደሆነ፣ መቼ መጥቶ ምን እንደጠየቀ፣ ምን እንደተባለ የተመዘገበው በሽያጭ ሠራተኛው የግል ስልክ ውስጥ ነው። ሠራተኛው ሲለቅ ደንበኛው አብሮት ይሄዳል። ውድ ሶፍትዌር መግዛት ሳያስፈልግ፣ አንድ የጋራ መዝገብ ከሻንሲ ቁጥር ጋር የታሰረ ቢሆን፣ የመኪናዋ የባትሪ ምርመራ፣ የሶፍትዌር እድሳት፣ የጋራዥ ታሪክና የባለቤቷ ጥያቄ ሁሉ በአንድ ገጽ ይወጣል። ሁለት ጥንቃቄዎች አሉት። አንደኛው የደንበኛው መረጃ የራሱ መሆኑ ነው፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ስልክ ቁጥሮችን ለኢንሹራንስ ወኪል ማሳለፍ እንደ ድሮው ተራ ነገር አይደለም። ሁለተኛው ቅጂ ነው። ሰኔ 2016 ላይ በአሜሪካና በካናዳ ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ የመኪና መሸጫዎች የሚጠቀሙበት ሲዲኬ ግሎባል የተባለ ድርጅት በሳይበር ጥቃት ሲመታ፣ ሻጮቹ ለቀናት በእስክሪብቶና በወረቀት ሲሠሩ ሰነበቱ። መብራትና ኢንተርኔት በሚጠፋበት አገር መዝገቡ በየማታው ሌላ ቦታ መገልበጥ አለበት።

የጋራዡ ገቢም ይለወጣል። የዘይት ቅያሪ፣ የፊልትሮ፣ የካንዴላ፣ የፍሪሲዮን ገንዘብ ቀርቷል። የቀሩት ጎማ፣ የእግር ዕቃዎች፣ የማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ የፍሬን ዘይትና ባለ 12 ቮልቷ ባትሪ ናቸው፤ መኪናዎቹ ከባድ ስለሆኑ ጎማ ቶሎ ይበላሉ። አዲሱ ሙያ ከፍተኛ ቮልቴጅ ነው። በብርቱካናማዎቹ ገመዶች ውስጥ ብዙውን ጊዜ 400 ቮልት አካባቢ አለ፤ ያልሠለጠነን ሰው ይገድላል። የላስቲክ ጓንቱ ከመጠለቁ በፊት በአየር ተነፍቶ ቀዳዳ እንደሌለው ይታያል፤ የኃይል ማቋረጫው ይነቀላል፤ ቴክኒሻኑ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ ቮልቱ ዜሮ መሆኑን በመለኪያ ካረጋገጠ በኋላ ብቻ እጁን ይሰዳል። ይህን ሥርዓት ደንበኛው በመስታወት በኩል ቆሞ እንዲያይ የሚያደርግ ጋራዥ ቢኖር፣ በመሸጫው ላይ ያለው እምነት ባየው መጠን ይጨምራል።

የሚቀረው ዳግም ሽያጩ ነው። በ2014 እና በ2015 የገቡት ኤሌክትሪክ መኪናዎች አሁን ወደ ሁለተኛ እጅ ገበያ እየመጡ ነው፤ ዋጋቸውን ማንም በእርግጠኝነት አይናገርም። ቪትዝን ዓይኑን ጨፍኖ የሚገምት ደላላ እዚህ ላይ ዝም ይላል። አዲሷን ሊገዛ የመጣ ሰውም የሚፈራው ይህንኑ ነው፦ "ነገ ብሸጣት ማን ይገዛታል?" ለዚህ ፍርሃት የሚሆነው መልስ በጽሑፍ የተሰጠ የመልሶ ግዢ ቃል ነው፤ ባትሪዋ ከሦስት ዓመት በኋላ ከዚህ መቶኛ በታች ካልወረደች በዚህ ዋጋ መልሼ እወስዳታለሁ የሚል። ያን መቶኛ አስልቶ መፈረም የሚችለው ደግሞ የሸጣቸውን መኪናዎች ባትሪ በየስድስት ወሩ እየጠራ የመረመረ፣ ቁጥሩንም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በስማቸው የመዘገበ መሸጫ ነው። ዛሬ የተሸጠችው መኪና የመጀመሪያ መስመሯ መጻፍ ያለበት ዛሬ ነው።